ወሎ ተወልዶ የጨረር ሐኪም ለሆነ፦ ሥራው የት ነው?

ለጨረር ሐኪም፣ ካንሰርን በጨረር ለሚያክም ማለቴ ነው፣ ሥራ መፈለግ ማለት ማሽን መፈለግ ማለት ነው። የቀዶ ሕክምና ጓደኞቼ ወገልጤናም ይመደቡ መካነ ሰላም ሄደው ይሠራሉ። የሕፃናት ሐኪም ማዳመጫዋን አንገቷ ላይ ጥላ የትኛውም ከተማ ትገባለች። እኛ ግን ሊኒያር አክስለሬተር (በኤሌክትሪክ ጨረር የሚያመነጭ ማሽን) ወይም ኮባልት (ጨረሩን ከኮባልት 60 የሚያወጣ ማሽን) በሌለበት ቦታ ከተማርነው ግማሹ ሳይነካ ይቀመጣል። ይህን የምጽፈው ሬዚደንሲ (የስፔሻሊቲ ሥልጠና) ሊጨርሱ ሲቃረቡ «ወዴት ብንሄድ ይሻላል?» እያሉ ለሚደውሉልኝ ታናናሾቼ ነው፤ በተለይ ለወሎ ልጆች። የብዙዎቹ የመጀመሪያ ጥያቄ ስለ ደመወዝ ነው። የመንግሥት ስኬል የታወቀ ነው፤ የትም ብትሄዱ ያን ያህል አይራራቅም። የሚያራርቀው ሌላ ነገር ነው።

ያለውን ነገር በደንብ ማወቅ ያስፈልጋል። ጥቁር አንበሳ እ.ኤ.አ. በ1997 በኮባልት ማሽን ጨረር መስጠት ጀመረ፤ ከዚያ በኋላ ከሃያ ዓመት በላይ ለአገሩ ሁሉ ብቻውን ነበር። ሐኪሞቹን እዚሁ ማሠልጠን የተጀመረውም እ.ኤ.አ. በ2013 ነው፤ ከዚያ በፊት ሰው ውጭ አገር ተምሮ ነበር የሚመጣው። መንግሥት ሊኒያር አክስለሬተር እንዲተከልባቸው የመረጣቸው ስድስት ቦታዎች ጥቁር አንበሳ፣ ጅማ፣ ሐረር ያለው የሐሮማያ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል፣ ሐዋሳ፣ ጎንደርና መቀሌ ናቸው። ጅማም ሐረርም ሥራ ከጀመሩ ሰነባብተዋል። ወሎ ከስድስቱ ውስጥ የለችም። ስለዚህ ከሐይቅ ወይም ከወረኢሉ ተነሥቶ ይህን ሙያ የመረጠ ሰው አገሬ ገብቼ ላገልግል ቢል ጨረሩን ትቶ ነው የሚገባው፤ ጨረሩን ልያዝ ቢል ደግሞ አገሩን ትቶ ነው።

እኔ ሁለቱንም ለመያዝ ሞክሬአለሁ። ቋሚ ሥራዬ ደሴ ነው፤ ጊዜያዊ ሥራዬ ማሽን ያለበት ሁሉ። አካሄዱ ለሁሉም ይመቻል አልልም፤ ትንንሽ ልጆች ላሉት ይከብዳል። ግን ይቻላል።

እንድንቋቋመው ያደረገን የሥልጠናችን ስፋት ነው። አሜሪካ የጨረር ሐኪም ጨረር ብቻ ነው የሚሰጠው። የእኛ ሥልጠና እንደ እንግሊዞቹ ክሊኒካል ኦንኮሎጂ ነው፤ ኬሞውንም (የካንሰር መድኃኒቱን) ጨረሩንም እንማራለን። ስለዚህ ማሽን በሌለበትም ሆስፒታል ውስጥ የጡት፣ የማሕፀን በር፣ የአንጀትና የጉሮሮ ካንሰር ታማሚ እያየን፣ ኬሞ እያዘዝን፣ ለጨረር የሚሄደውን ለይተን እየላክን መሥራት እንችላለን። ይሄ ትንሽ ሥራ አይደለም። ከደሴ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ጨረር ሊጠቅመው የማይችል ሰው ይህን መንገድ በከንቱ እንዳይሄድ ማድረግ፣ የሚጠቅመው ደግሞ ባዮፕሲውን (የዕጢ ናሙና ምርመራውን)፣ ሲቲውንና የኩላሊት ምርመራውን አሟልቶ እንዲሄድ ማድረግ ራሱን የቻለ ሕክምና ነው። ጎዶሎ ሪፈር ወረቀት ይዞ የሄደ ሰው ተመልሶ ሲመጣ አይቻለሁ፤ በሽታው ደግሞ ወረቀት አይጠብቅም።

ቋሚ ሥራ ስትፈልጉ መጀመሪያ የሬዚደንሲ ስፖንሰራችሁን ውል አውጥታችሁ አንብቡ። አብዛኞቻችን የፈረምነው ሃያ ምናምን ዓመት ሲሆነን ነው፤ ያኔ ማን ያነባል። የግዴታው ዘመን ስንት ነው? የሚቆጠረው ከምርቃት ነው ወይስ ሪፖርት ካደረጋችሁበት ቀን? በገንዘብ መክፈል ይቻላል ወይ? ክሊራንስ (የመልቀቂያ ማስረጃ) የሚሰጠው ማን ነው? ዩኒቨርሲቲው፣ ክልሉ ጤና ቢሮ ወይስ ሚኒስቴሩ? እነዚህን ሳታውቁ ሌላ ቦታ ቃል ብትገቡ ሥራውም ይሄዳል፣ ስማችሁም ይነሣል። ሙያው ትንሽ ነው፤ ሁሉም ሰው ይተዋወቃል።

እኔ ስመለስ የሰው ሀብት ኃላፊው በደስታ ነበር የተቀበሉኝ። «የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ ነው ዶክተር፤ እንግዲህ እዚሁ ትቀሪልናለሽ» አሉኝ።

«እቀራለሁ ጋሼ» አልኳቸው፤ «ግን በሬውን ያለ ሞፈርና ቀንበር ምን ልታደርጉበት ነው?»

ሳቁ። ሳቃቸው ሳያልቅ የጻፍኩትን ደብዳቤ አወጣሁ። የጠየቅኩት በየዓመቱ የተወሰነ ጊዜ ጨረር ወዳለበት ማዕከል ሄጄ እንድሠራ፣ ጊዜው ከዓመት ፈቃዴ እንዳይቀነስ፣ ደመወዜም እንዳይቋረጥ ነው። ይህን ጥያቄ ቅጥር ከመፈረማችሁ በፊት አቅርቡ፤ ከፈረማችሁ በኋላ ልመና ይሆናል። የቃል ስምምነትም አትቀበሉ፤ ዳይሬክተር ይቀያየራል፣ ፋይል ግን ይቀራል። ሜዲካል ዳይሬክተሩ የጠየቁኝ ጥያቄ አንድ ብቻ ነበር፦ «አንቺ በሌለሽበት ኬሞውን ማን ያያል?» ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ መልሱን ይዤ ባልሄድ ኖሮ ደብዳቤው መሳቢያ ውስጥ ይቀር ነበር። ለየበሽታው የኬሞ ማዘዣ ቅጽ አዘጋጅቼ ነበር። የደም ሴል ቁጥር ሲወርድ መቼ እንደሚዘገይ፣ ኩላሊት ሲደክም ምን እንደሚቀነስ፣ መቼ ለእኔ እንደሚደወል ተጽፎበታል። ከአንድ ጠቅላላ ሐኪምና ከክፍሉ ነርሶች ጋር ደጋግመን ሠራንበት። አሁን ስሄድ ስልኬ የሚጮኸው አልፎ አልፎ ነው።

ሌላም ነገር አለ። በ2014ቱ ጦርነት የወሎ ጤና ተቋማት መዘረፋቸውን ሁላችንም እናውቃለን። ብዙው ተመልሶ ቆሟል፤ ያም ሆኖ «አለ» የተባላችሁትን ዕቃ በዓይናችሁ ሳታዩ አትፈርሙ። ኬሞ የሚቀላቀልበት ከለላ ያለው ሳጥን ይሠራል? ፓቶሎጂ ውጤት በስንት ሳምንት ይደርሳል? ሞርፊን አለ? ሞርፊን የሌለበት የካንሰር ክፍል ውስጥ መሥራት ምን እንደሆነ ያየ ያውቀዋል።

ወደ ጊዜያዊው ሥራ ልሂድ፤ ብዙ የሚነገርበት እሱ ነው።

ማስታወቂያ አትጠብቁ። አዲስ ዘመን ላይም ሆነ ቴሌግራም ላይ የጨረር ሐኪም ማስታወቂያ ሲወጣ ብዙ ጊዜ ባለቤቱ ቀድሞ ታውቋል። ጊዜያዊ ክፍተት የሚፈጠረው አንዱ ለፌሎሺፕ ሲሄድ፣ አንዷ ስትወልድ፣ ሌላው ሲለቅ ነው፤ ይህን ቀድመው የሚያውቁት ደግሞ የጨረሩን መጠን የሚያሰሉት ፊዚሲስቶችና ማሽኑን የሚያንቀሳቅሱት ቴክኖሎጂስቶች ናቸው። ሐኪም ሐኪም ጋ ይደውላል። እኔ የምደውለው ፊዚሲስት ጋ ነው። ማን እንደሚሄድ ይነግሩኛል፤ ከዚያ በላይ ደግሞ ማሽኑ እየሠራ መሆኑን ይነግሩኛል።

አንድ ማዕከል ልተካ ስሄድ ዳይሬክተሩ ቢሮ ቡና ከጠጣሁ በኋላ ማሽኑ የሚታዘዝበት ኮንሶል ወዳለበት ክፍል እንዲወስዱኝ እጠይቃለሁ። አንዱ ዘንድ ስክሪኖቹ አጠገብ ጥግ ጥጉ የተላላጠ ትልቅ ደብተር ነበር። ቴክኖሎጂስቶቹ ማሽኑ በቆመ ቁጥር ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የወጣውን የስህተት ኮድና ማን እንዳስነሣው ይጽፉበታል። ወንበር ስቤ አገላበጥኩት። ቺለር። መብራት። ቺለር። ቺለር። በር። ቺለር። ማሽኑን የሚያቀዘቅዘው ውሃ ነው ሰዎቹን የሚያሰቃያቸው ማለት ነው፤ ራሱ ማሽኑ ደህና ነው። ዳይሬክተሩ ስለ ማሽኑ ዘመናዊነት ከነገሩኝ ሁሉ ያ ገጽ ይበልጥ ጠቀመኝ። ተመልሼ ሦስት ነገር ጠየቅኩ፦ ከአምራቹ ጋር የጥገና ውል አለ ወይ፣ መለዋወጫው የሚመጣው ከየት ነው፣ ማሽኑ በቆመባቸው ቀናት የእኔ ክፍያ እንዴት ይታሰባል። ሦስተኛውን ስጠይቅ ትንሽ ዝም ተባለ። በመጨረሻ ውሉ ላይ ገባ።

ማሽኑ ቆሞ መዋሉ የኪስ ጉዳይ ብቻ አይደለም። የማሕፀን በር ካንሰር ታማሚ ከሰውነቷ ውጭ የሚሰጣትን 25 ጊዜ ጨረርና ከዚያ የሚከተለውን ብራኪቴራፒ (ምንጩ ወደ ዕጢው ተጠግቶ ከውስጥ የሚሰጥ ጨረር) ከስምንት ሳምንት ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ መጨረስ አለባት፤ በዘገየ ቁጥር የመዳን ዕድሏ ይቀንሳል። ስለዚህ ማሽኑ ሲቆም የሚያልፈውን ቀን ማን ነው የሚያካክሰው? ቅዳሜ ይሠራል? በቀን ሁለት ጊዜ፣ መሐሉ ቢያንስ ስድስት ሰዓት ልዩነት አድርጎ መስጠት ይቻላል? ማዕከሉ ለዚህ የተጻፈ ደንብ ካለው ጥሩ ምልክት ነው። «እንደ ሁኔታው ነው» ከተባላችሁ ውሳኔውም ተጠያቂነቱም በእናንተ በእንግዶቹ ትከሻ ላይ ሊያርፍ ነው።

ኮባልት ከሆነ ደግሞ ምንጩ መቼ እንደተቀየረ ጠይቁ። ኮባልት 60 በየአምስት ዓመት ከሩብ ገደማ ጉልበቱ በግማሽ ይቀንሳል። ምንጩ ባረጀ ቁጥር አንድ ታማሚ አልጋው ላይ የሚተኛበት ደቂቃ እጥፍ እያለ ይሄዳል፤ በቀን የሚታከመውም ሰው ያንኑ ያህል ይቀንሳል። ሰልፉ የረዘመው ሐኪም ስላነሰ ነው ተብላችሁ ተጠርታችሁ ከሆነና ምንጩ ካረጀ፣ አሥር ሐኪም ቢመጣም ሰልፉ አይነቃነቅም።

ሲቲ ሲሙሌተሩ (ለሕክምናው ዕቅድ ምስል የሚያነሣው) የራሱ የክፍሉ ነው ወይስ ከራዲዮሎጂ ጋር ተጋርቶ? የፕላኒንግ ሶፍትዌሩ (ጨረሩ የትና ምን ያህል እንደሚያርፍ የሚታቀድበት) ስንት ሰው በአንድ ጊዜ ያሠራል? ብራኪቴራፒ አለ? ፊዚሲስቱ አንድ ብቻ ከሆነ ሲታመም ምን ይሆናል? ይህን ሁሉ ጠይቁ፤ አታፍሩ። «ገና ሳትጀምሪ ጥያቄ አበዛሽ» ያለኝ ሰው አለ። የጠየቅኩትን ሲመልስልኝ ግን አከበረኝ።

አሁን ደግሞ ስለ ፊርማ። ተተኪ ሐኪም ስትሆኑ ሌላ ሰው የጀመረውን ታማሚ ትረከባላችሁ፣ እናንተ የጀመራችሁትን ደግሞ ለሌላ ሰው ትታችሁ ትሄዳላችሁ። የእኛ ሕክምና እንደ ቀዶ ሕክምና በአንድ ቀን አያልቅም፤ ሳምንታት ይፈጃል። የመጀመሪያው ቀን በሕክምና ላይ ያሉትን ሁሉ አንድ በአንድ አያለሁ፦ ፕላኑ የማን ነው፣ ቀኝ ነው ግራ፣ ከዚህ በፊት እዚያው ቦታ ጨረር ወስደው ያውቃሉ ወይ፣ የመጨረሻው የማረጋገጫ ምስል ከፕላኑ ጋር ይገጥማል ወይ። ቀኑን ሙሉ ይወስዳል፤ አዲስ ታማሚ ያን ቀን አልቀበልም፣ ይህንንም ቀድሜ አስታውቃለሁ። የመውጫዬ ቀን ሲቃረብ ደግሞ ከእኔ በኋላ የሚከታተለው ሐኪም በስም ካልተነገረኝ አዲስ ረጅም ፕላን አልፈርምም። አጭር የሆነውን፣ ማለትም ለአጥንት ሕመም አንድ ጊዜ የሚሰጥ 8 ግሬይ (የጨረር መጠን መለኪያ) ዓይነቱን፣ እስከ መጨረሻው ቀን እሠራለሁ።

አጫጭሩን ስል አንድ ነገር ትዝ አለኝ። አዲስ አበባ ስተካ ከወረኢሉ የመጡ እናት ገጠሙኝ። አነጋገሬን ሰምተው «ልጄ፣ አንቺ ወሎዬ አይደለሽ እንዴ?» አሉኝ። ነኝ አልኳቸው። የት እንደምሠራ ጠየቁኝ፤ ደሴ ስላቸው ፈገግ አሉና «ታዲያ እዚያው አታደርጊልኝም ነበር? ይሄን ሁሉ አገር ምን አስኬደኝ?» አሉ። ማሽኑ እዚያ የለም ስላቸው መልሰው ያጽናኑኝ ጀመር፦ «አብሽሪ፣ ይመጣል፤ አላህ ያመጣዋል።» የጡት ካንሰር ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸው ነበር። ፋይላቸው ላይ 25 ጊዜ የሚል ሐሳብ ተጽፎ አገኘሁ። በእሳቸው ሁኔታ በ15 ጊዜ 40 ግሬይ መስጠት እኩል ውጤት እንዳለው በትልልቅ ጥናቶች ከታየ ዓመታት አልፈዋል። ለአዲስ አበባ ነዋሪ የሁለት ሳምንት ልዩነት የታክሲ ጉዳይ ነው። ለእሳቸው ግን አልቤርጎ፣ ምግብ፣ ከሥራው የቀረ አስታማሚ ልጅ፣ አጫጅ ያጣ ማሳ ነው። ከክፍሉ ሐኪሞች ጋር ተነጋግረን በ15 ጨረሱ። የወሎ ሰው መሆን በሲቪ ላይ አይጻፍም፤ ፕላን ላይ ግን ይጠቅማል። ይህን ቅጥር ቃለ መጠይቅ ላይ ተናገሩት፤ ከሩቅ የሚመጣ ታማሚ የሚበዛበት ማዕከል ዋጋውን ያውቃል።

የግል ዘርፉን በአጭሩ ላንሣ። ከመንግሥት ሥራ ጎን ለጎን በግል ክሊኒክ ፓርት ታይም ማየትም፣ በራሱ በሆስፒታሉ የግል ክፍል መሥራትም የተለመደ ነው፤ ከዋናው መሥሪያ ቤት የፈቃድ ደብዳቤ ያዙ እንጂ። አንድ ክሊኒክ ግን «የጨረር ስፔሻሊስት እንፈልጋለን» ብሎ ጠርቶኝ ሄጄ ሳይ ጨረር ቀርቶ ኬሞ የሚሰጥበት ክፍል የለውም። የፈለጉት ስሜንና ፎቶዬን ለበሩ ሰሌዳ ነው። በሳምንት አንድ ከሰዓት ብቅ እያልኩ ታማሚ አይቼ ወደ ሌላ ቦታ ልልክ፣ ክፍያው ደግሞ ዳጎስ ያለ። እምቢ አልኩ። ከበሽታው ጋር እየተሽቀዳደመ ላለ ሰው ያ ሰሌዳ የሚበላበትን ሳምንት ሳስበው እስካሁን ያናድደኛል።

ሴቶች ብዙ ጊዜ በሹክሹክታ የሚጠይቁኝ ነገር አለ፤ እዚህ ጮክ ብዬ ልመልሰው። እርግዝና ከሥራው አያስወጣም። ሊኒያር አክስለሬተር ሲጠፋ ጨረር የለም፤ ኮባልት ግን መከለያው ውስጥም ሆኖ ምንጩ ሁሌ ንቁ ነው። ለሠራተኛ በዓለም አቀፍ ደረጃ የተቀመጠው ጣሪያ በአምስት ዓመት አማካይ በዓመት 20 ሚሊሲቨርት (ሰው ላይ የደረሰ ጨረር መለኪያ) ነው፤ እርግዝናው ከታወቀ በኋላ ለጽንሱ 1 ሚሊሲቨርት። ፕላን መሥራት፣ ታማሚ ማየትና ከኮንሶል ሆኖ መከታተል ይቻላል፤ ብራኪቴራፒውንና ኮባልት ክፍሉን ለባልደረባ መተው ይመረጣል። ቁም ነገሩ የጨረር መለኪያ ባጅ ይሰጣችኋል ወይ፣ ንባቡስ በወቅቱ ይነገራችኋል ወይ ነው። ባጅ የማይሰጥ ማዕከል ጊዜያዊ ሠራተኛን ረስቶ ከሆነ አስታውሱት። ለቋሚዎቹም የማይሰጥ ከሆነ ዞር በሉ።

ማሽን በሌለበት ወራት እጅ እንዳይዝል የማደርገው ቀላል ነው። ኮንቱር መሥራት (ጨረር የሚያርፍበትንና የሚጠበቀውን አካል ምስል ላይ ማስመር) ካልተለማመዱት ይጠፋል፤ የማሕፀን በርን ያለ ማመንታት ያሰምር የነበረው እጄ ከረጅም ጊዜ በኋላ ሲጠራጠር ተሰምቶኛል። የአውሮፓው የጨረር ሕክምና ማኅበር፣ ኤስትሮ፣ በኢንተርኔት የኮንቱር ልምምድ ያዘጋጃል። የዓለም አቀፉ አቶሚክ ኢነርጂ ኤጀንሲም ነጻ ትምህርት አለው፤ አፍሮኔት በሚባለው መድረኩ ደግሞ የአፍሪካ ሐኪሞች ታማሚ እያቀረቡ በቪዲዮ ይመካከራሉ። የደሴ መብራትና ኢንተርኔት እስከፈቀደ ድረስ እገባለሁ።

ውጭ አገር ለሚያስቡ አንድ ሁለት ነገር። አሜሪካ በኢንተርኔት የምታዩአቸው የሎከም (የጊዜያዊ ተተኪ ሐኪም) ማስታወቂያዎች ለእኛ አይደሉም፤ እዚያ ብዙውን ጊዜ የመግቢያ ፈተናቸውን አልፎ ሬዚደንሲ እንደገና መሥራት ያስፈልጋል። እንግሊዝ ሐኪሞችን በሚመዘግበው በጂኤምሲ መመዝገብን ይጠይቃል፤ የሙያው ፈተና የራዲዮሎጂስቶች ሮያል ኮሌጅ የሚሰጠው ኤፍአርሲአር ነው። የባሕረ ሰላጤው አገሮች ማስረጃችሁን ዳታፍሎው በሚባል አጣሪ ድርጅት አጣርተው ብዙውን ጊዜ ፕሮሜትሪክ በሚባል ፈታኝ ድርጅት በኩል ይፈትናሉ። ሁሉም ዘንድ የሚቆጠረው በማሽን የሠራችሁበት ዘመን ነው። «ደሴ ሦስት ዓመት ኦንኮሎጂስት» የሚል ደብዳቤ ብቻ ከሆነ ጨረሩን የተዋችሁት ይመስላቸዋል።

ለዚህ ነው ከየማዕከሉ ስወጣ ደብዳቤዬን ተቀብዬ የምወጣው። «ሠርታለች» የሚል ብቻ አልቀበልም። በየትኛው ማሽን፣ በየትኛው የፕላኒንግ ሶፍትዌር፣ የትኞቹን የካንሰር ዓይነቶች፣ ስንት ፕላን እንደፈረምኩ፣ ስንት ብራኪቴራፒ እንዳስገባሁ ተዘርዝሮ በክፍል ኃላፊው ይፈረምና ማኅተም ይደረግበታል። ረቂቁን ራሴ ጽፌ እሰጣለሁ፤ እነሱ ጊዜ የላቸውም፣ ከፊዚክስ ክፍሉ መዝገብ ጋር አመሳክረው ይፈርማሉ። ይህን የመጨረሻው ሳምንት ሰኞ ጀምሩት፤ ዓርብ ከሰዓት ማኅተም ያዡ ወጥቷል።